ሴት ልጅ ከኤሌክትሪክ ጋር ምን አላት?

የትምህርት ዓመቱ ሊዘጋ ሲቃረብ በየትምህርት ቤቱ የወላጆች በዓል ይዘጋጃል። ልጆች መዝሙር ያጠናሉ፤ ትያትር ይለማመዳሉ፤ እናቶችም «የኔ ልጅ ምን ሆና ትወጣለች?» እያሉ ይጠይቃሉ። ሆኖም ከሁሉም ቀድመው መጥተው ከሁሉም በኋላ የሚሄዱ፣ በመድረኩ ላይ ግን ፈጽሞ የማይታዩ ልጆች አሉ። እነዚህም መብራትና ድምፅ የሚይዙት ናቸው። በዛሬው አምዳችን ስለ እነሱ፣ ይልቁንም በመካከላቸው ስለሚገኙት ሴቶች ልጆች እንጨዋወታለን።

ይህን የማነሣው ከሰው ሰምቼ አይደለም። በ1990ዎቹ መጨረሻ ደብረ ማርቆስ ተማሪ ሳለሁ የትያትር ክበብ አባል ነበርኩ። ለትወና ድምፅሽ ሰለለ ተብዬ ወደ መብራቱ ተመደብኩ። አኩርፌ ነበር።

ያን ጊዜ የነበረን ዕቃ ሦስት ፓውዛ፣ አንድ ድምፅ ማጉያ ከሁለት ማይክራፎን ጋርና አንድ ቴፕ ነው። የአዳራሹ ጣሪያ ቆርቆሮ ነበር። ደብረ ማርቆስን የምታውቁ ሰኔዋንም ታውቃላችሁ፤ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ደጋ ናትና ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲወርድ እንኳን የልጅ ድምፅ የመምህሩም ጩኸት አይሰማም። ስለዚህ ማይክራፎኑ ጌጥ ሳይሆን ግዴታ ነበር። እሱም የራሱ አመል አለው። ድምፅ ማጉያው ከማይክራፎኑ ኋላ ከተቀመጠ የወጣው ድምፅ ተመልሶ እየገባ ጆሮ የሚበጥስ ፉጨት ያመጣል፤ ማጉያው ከፊት ሆኖ አፉን ወደ ተመልካቹ ማዞር አለበት። መብራትም እንዲሁ ነው። ከፊት ለፊት ብቻ ሲበራ ፊት ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ከአናት ብቻ ሲበራ ዓይን ጉድጓድ ይመስላል፤ ከቀኝና ከግራ፣ 45 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ሲወርድ ግን የተዋናዩ ፊት ሕይወት ያገኛል።

ከሁሉም የከበደኝ ግን ጽሑፉን መከተል ነበር። «መሸ» ሲባል ሁለቱን ፓውዛ አጠፋለሁ። ተዋናዩ ያቺን ቃል ቢረሳትስ? በጨለማ የሚጠብቀኝ የለም፤ ራሴ ፈርጄ ማጥፋት አለብኝ። በዚህ ምክንያት የሁሉንም ቃል በቃሌ ያዝኩ፤ ኩርፊያዬም ሳላውቀው ጠፋ።

አንድ ቀን በልምምድ ላይ እያንዳንዱ 1,000 ዋት የሚስበውን ሦስቱን ፓውዛ በአንድ ቀጭን ገመድ አገናኘን። ሂሳቡ ቀላል ነበር፤ 3,000 ዋት ለ220 ቮልት ሲካፈል ወደ 14 አምፔር ይመጣል። ያ ገመድ ለጠረጴዛ መብራት የተሠራ ስለሆነ ግማሹን እንኳ አይችልም። የተረፈውንም ጠቅልለን መሬት ላይ ስለጣልነው ሙቀቱ መውጫ አጣ። ላስቲክ ሸተተን። ጓደኛዬ ልትነቅለው እጇን ስትዘረጋ መምህሩ ጮኸው አስቆሟትና ሮጠው ዋናውን ማጥፊያ አጠፉ። ማንም አልተጎዳም። ወሬው ግን እኔን ቀድሞ ቤት ገባ።

«ሴት ልጅ ከኤሌክትሪክ ጋር ምን አላት? በዚያ ላይ ምሽት!» አለች እናቴ።

ይህ አባባል የእናቴ ብቻ አልነበረም። የጎጃሙ፣ የደብረ ኤልያሱ ተወላጅ ዮፍታሔ ንጉሤ ከጣሊያን ወረራ በፊት አዲስ አበባ መምህር ሆነው ለተማሪዎቻቸው ትያትር ይጽፉ በነበረበት ዘመን የሴትን ቦታ ይዘው የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። ሴቶች መድረኩ ላይ ከወጡ ቆዩ፤ ገመዱንና ማብሪያውን መያዝ ግን በብዙዎቻችን ቤት ዛሬም የወንድ ሥራ ነው። በአሜሪካ ግን የትያትር መብራትን ራሱን የቻለ ሙያ ካደረጉት ሰዎች መካከል በግንባር ቀደምነት የምትጠራው ሴት ናት፤ ጂን ሮዘንታል (እ.ኤ.አ. 1912–1969) ትባላለች። ይህን ያን ጊዜ ባውቅ ኖሮ ለእናቴ እነግራት ነበር፤ የሚያሳምናት ግን አይመስለኝም።

ያሳመናት ሌላ ነው። በማግስቱ ነጠላዋን ተከናንባ ትምህርት ቤት መጣችና መምህሩን ሦስት ነገር ጠየቀች። ገመዱን ከማብራታችሁ በፊት የሚያየው ማን ነው? ዋናው ማጥፊያ ያለበትን ልጆቹ ያውቁታል? ሲመሽስ ማን ቤት ያደርሳታል? መምህሩ ለመጀመሪያው ወዲያው መልስ አልነበራቸውም። ከሳምንት በኋላ ወፍራም ገመድ ተገዛ፤ የአዳራሹን መስመር ባለሙያ አየው፤ በረጠበ እጅና በባዶ እግር ዕቃውን መንካት ተከለከለ፤ ለቀለም ብለን ፓውዛው መስታወት ላይ የምንለጥፈው ሴሎፎንም ተነሣ፤ እሳት ነውና። ልምምዱ ከ12 ሰዓት በፊት እንዲያበቃ፣ ሴቶቹም በቡድን እንዲሄዱ ተደረገ።

እናንተም እናቶች፣ ልጃችሁ «መብራት ልይዝ ነው» ብላ ስትመጣ እሺም እምቢም ከማለታችሁ በፊት እነዚህን ሦስቱን ጠይቁ። ጥያቄው ወንድ ልጅ ላላቸውም ነው። ኤሌክትሪክ ወንድን ለይቶ አይምርም።

በበዓሉ ቀን ነጎድጓድ ሆነና በትያትሩ አጋማሽ መብራት ጠፋ። ተመልካቹ ሲንጫጫ እኔና ጓደኛዬ በባትሪ እየዳበስን ሁሉንም ማብሪያ አጠፋን፤ ኃይሉ ድንገት ሲመለስ ድምፅ ማጉያውን እንዳያቃጥልብን ነው። ሲመለስም አንድ በአንድ አበራን።

ማታ እናቴ «ዓይኔን ተክዬ ስፈልግሽ አጣሁሽ» አለችኝ። «ከኋላ ነበርኩ እማዬ፤ መብራቱን እኮ እኔ ነኝ» አልኳት። ዝም አለች። ወር ሳይሞላ አንድ ጠዋት፣ ታላቅ ወንድሜ አጠገቧ ቆሞ ሳለ፣ እኔን ከጓሮ ጠራችኝ፦

«ነይ እስቲ ልጄ፣ ይህ የምድጃ ሶኬት ሸተተኝ።»