የጥናት መዝገብ ለሁሉ ይከፈት ወይስ በአደራ ይጠበቅ? (ሙግት)

የመጀመሪያው ጸሐፊ፦ ይከፈት

በመርካቶ፣ በበርበሬ በረንዳ፣ ከማለዳ ጀምሮ የማረቆን ዛላ በጆንያ ሲያስራግፍ የሚውል ነጋዴ፣ መጠይቅ በብብቱ ሸጉጦ የሚመጣ ወጣት ገና ከሩቅ ሲያይ «ደግሞ መጣችሁ?» ቢል የሚፈረድበት አይደለም። ዘንድሮ የመጣው የምጣኔ ሀብት ተማሪ የዋጋውን መውጣትና መውረድ ይጠይቀዋል፤ አምና የምግብ ኬሚስትሪ ተማሪዋ ሻጋታውን ልትመረምር አንድ እፍኝ በላስቲክ ቋጥራ ወስዳለች፤ ካቻምና የሥነ ልሳኑ ሰው ሻጭና ገዢ አማርኛውን ከጉራጊኛው እየቀላቀሉ ሲከራከሩ ድምፃቸውን ቀርጿል፤ የጂኦግራፊው ተማሪም ጭነቱ ከየት ተነሥቶ በየት በኩል እንደሚገባ በካርታ ነድፏል። አራቱም ስለ አንድ ጆንያ በርበሬ ጠይቀው፣ አንዱ የሌላውን መዝገብ ሳያይ፣ ካባቸውን ለብሰው ተመርቀዋል።

ነገሩ የድካም ብክነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም ባልሁ። ነገር ግን አፍላቶክሲን የተባለው የሻጋታ መርዝ ጉበትን እንደሚጎዳ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሐኪም፣ በሽተኞቹ የሚበሉት በርበሬ ክረምቱን በመጋዘን ምን ያህል እንደከረመ፣ ሚዛን እንዲደፋ ውሃ ተረጭቶበት እንደሆነና ከየትኛው ወረዳ እንደመጣ ማወቅ ሲያሻው፣ መልሱ በሦስት ፋኩልቲ ተበታትኖ እንደተቀበረ እንኳ የሚነግረው አያገኝም። የመመረቂያ ጽሑፉ በእርግጥ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዲጂታል ማከማቻ ይነበባል፤ የሚነበበው ግን ሠንጠረዡና ሐተታው ነው፤ ሠንጠረዡ የተቀዳበት ጥሬ መዝገብ፣ ማለት የተሞላው መጠይቅ፣ የቤተ ሙከራው ደብተርና የተቀረጸው ድምፅ፣ በተማሪው ፍላሽ ወይም በአማካሪው መሳቢያ ቀርቶ ከባለቤቱ ጋር ይጠፋል።

ሕጉማ ከእኔ ጋር ነው። የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው ብሔራዊ ፖሊሲ፣ በመንግሥት ገንዘብ የተደረገ ጥናት ኅትመቱ በብሔራዊው ማከማቻ እንዲገባ፣ ተመራማሪውም መረጃውን በምን ዐይነት እንደሚይዝ አስቀድሞ ዕቅድ እንዲያቀርብ፣ መረጃውም ተፈልጎ የሚገኝ፣ የሚደረስበት፣ ከሌላው ጋር የሚግባባና ዳግመኛ የሚሠራበት እንዲሆን ያዛል። የቀረው መፈጸም ነው፤ መፈጸም ደግሞ በእኛ አገር ዘወትር የሚቀረው ነገር ነው።

መዝገብ ሲከፈት ምን ፍሬ እንደሚሰጥ በራሳችን ቤት ታይቷል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የምጣኔ ሀብት ትምህርት ክፍል ከኦክስፎርድ ሊቃውንትና መቀመጫውን በዋሽንግተን ካደረገው ዓለም አቀፍ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም ጋር ሆኖ፣ እ.ኤ.አ. በ1994 በ15 የገበሬ ማኅበራት የሚኖሩ 1,477 ቤተሰቦችን መዝግቦ፣ እስከ 2009 ድረስ እየተመላለሰ እነዚያኑ ቤተሰቦች ጠይቋል። መዝገቡ ለሚሻው ሁሉ በነፃ ስለተለቀቀ፣ ድርቅ በቤተሰብ ኑሮ ላይ የሚተወውን ጠባሳ የሚለካውም፣ ዕድር ከቀብር ሌላ ምን እንደሚሠራ የሚመረምረውም ከአንድ ምንጭ ቀድተዋል። እንዲሁም በ1998 ዓ.ም. ገደማ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ምርምር ማዕከል ባለሙያዎች ከዋልታ ኢንፎርሜሽን ማዕከል ዜናዎች 210,000 ያህል ቃላትን ወስደው፣ ስሙን ከግሱ፣ ቅጽሉን ከመስተዋድዱ በእጅ እየለዩ ያሰናዱት መድብል ከማዕከሉ ደጅ ስለወጣ፣ ሰዋስው ሙያቸው ያልሆነ መሐንዲሶች ለኮምፒዩተር አማርኛ ለማስተማር መነሻ አግኝተውበታል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ግን የመካነ መቃብሩ መዝገብ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ የዩኒቨርሲቲው የኅብረተሰብ ጤና ምሁራን በአዲስ አበባ የመቃብር ስፍራዎች፣ በክርስቲያኑም በሙስሊሙም፣ ጸሐፊዎች አስቀምጠው የሟቹን ዕድሜ፣ ጾታና ቤተ ዘመድ ስለ አሟሟቱ የሚለውን ማስመዝገብ ያዙ። የሞት ምዝገባ ባልተደራጀበት በዚያ ዘመን፣ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በሰፊው መታደል ከጀመረ በኋላ በኤድስ የሚሞተው ሰው ቁጥር ክፉኛ መቀነሱን የመሰከረው ይህ መዝገብ ነው፤ ለሐኪሙ የተጻፈው ለሥነ ሕዝብ ምሁሩም፣ ለታሪክ ጸሐፊውም፣ ስለ ለቅሶ ሥርዓት ለሚያጠናውም የሚሆን ነው።

«የፈረንጅ ልማድ ነው» ለሚሉኝ ደግሞ ይህን እላለሁ። አባቶቻችን በብራና መጽሐፍ ላይ ግዝት የጻፉት በሚሰርቀውና በሚፍቀው ላይ ነው እንጂ በሚገለብጠው ላይ አይደለም፤ መገልበጥ ጽድቅ ነበርና። እ.ኤ.አ. በ1973 በተጀመረው የማይክሮፊልም ሥራ 9,000 ያህል የብራና መጻሕፍት ተነሥተው፣ ቅጂያቸው ሚኒሶታ በሚገኘው በቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ ተቀምጦ፣ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን በካታሎጉ ላይ ስላፈሰሱ፣ ዋናው በእሳት ወይም በጦርነት ቢጠፋ ምስክሩ አለ።

የሁለተኛው ጸሐፊ፦ መልስ

ተሟጋቼ በርበሬውን በሚገባ ገልጸዋል፤ ነጋዴውን ግን «ደግሞ መጣችሁ?» አሰኝተው እዚያው በር ላይ ትተውታል። እኔ ወደ ውስጥ እገባለሁ።

ተማሪው መጠይቁን ሲዘረጋ መጀመሪያ የሚያነበው፣ በወረቀቱ ራስጌ የታተመውን ቃል ነው፦ ለትምህርት ብቻ ነው፣ ስምዎ አይጠቀስም፣ ለሌላ ወገን አይተላለፍም። ነጋዴው በዚያ ቃል ታምኖ የዱቤ ደብተሩን ይገልጣል፤ በሳምንት ስንት ዕቁብ እንደሚጥል፣ ዕጣው መቼ እንደወጣለት፣ ያለ ደረሰኝ ምን ያህል ዕቃ እንደገዛ ይናገራል። ለነፍስ አባቱ የተናዘዘ ሰው ኃጢአቱ በአደባባይ ሲነበብ ቢሰማ፣ «ስምህን አላነሣንም» ቢሉት ይጽናናልን?

ስሙ ከተፋቀ አይታወቅም የሚል ሰው ደግሞ መርካቶን አያውቅም። መርካቶ በተራ የተደለደለ ነው፤ ሸማ ተራ፣ ሚስማር ተራ፣ ቦምብ ተራ፣ ምናለሽ ተራ እየተባለ፣ እያንዳንዱ ተራ ሰዉን በዐይኑ ያውቃል። መዝገቡ «ሴት፣ ዕድሜ 52፣ ትውልድ ሰባት ቤት ጉራጌ፣ ዕጣንና ከርቤ በጅምላ የምትሸጥ፣ አራት ሠራተኛ ያላት፣ የዕቁብ ጸሐፊ» ብሎ ቢያቆም፣ የጎደለውን ስም ለመሙላት ለየሱቁ ሻይ የሚያመላልሰው ልጅ ይበቃል። በመካነ መቃብሩም እንደዚሁ ነው፤ ቀኑና ስፍራው ከተጻፈ፣ በዚያ ቀን በዚያ ደብር ማን እንዳረፈ የዕድሩ ጥሩምባ ነፊ ሳይጠየቅ ይናገራል፤ ቤተ ዘመድ በሽፋን ቃል ያለፉትን ሕመም ምሁሩ ተርጉሞ የመዘገበው ያን ጊዜ ገመና ይሆናል።

ይህ ሥጋት ከባዶ የተነሣ አይደለም። በኅዳር 2017 ዓ.ም. የደረሰኝና የግብር ቁጥጥር ነገር በመርካቶ በተናፈሰ ጊዜ ብዙ ሱቆች ተዘግተው መዋላቸውን ከተማው ሁሉ አይቷል። በዚያ ሳምንት የዕቁብ መጠን ሊጠይቅ የሄደ ተማሪ ቢኖር ምን መልስ ያገኝ ነበር? አንድ ጊዜ እንኳ መዝገቡ ለማንም ዐይን እንደሚሰጥ ከተሰማ፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ተመራማሪ የሚሰበስበው ውሸት ነው፤ ተሟጋቼም የሚከፍቱልን፣ ሐኪሙም መሐንዲሱም የሚቀዱበት፣ ያን ውሸት ይሆናል። የ2019ኙን ፖሊሲ ሲጠቅሱ፣ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ሕግ መሆኑን ባይዘነጉ ደግ ነበር።

አሁን ወደ ሌላው ቁስል ልሂድ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች በወንዙ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመለከቱ፤ ቢልሃርዝያን የሚያዛምተው ቀንድ አውጣ በአገር በቀል ተክል ሊጠፋ እንደሚችል የታወቀው ከዚህ ተነሥቶ ነው። ምርምራቸውን አልሸሸጉም፤ አሳተሙት፤ ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉበት። ጥቂት ዓመታት ሳያልፉ፣ በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች የውሃ ቧንቧ የሚደፍነውን ዛጎል ለበስ ፍጥረት በእንዶድ ለመግደል የሚያስችለው የባለቤትነት መብት በኦሃዮ በሚገኘው በቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ስም ተመዘገበ። በአድዋ ወንዝ ዳር እንዶዱን ሲወቅጡ የኖሩት ሴቶች በዚያ ወረቀት ውስጥ የሉም። የጤፍ ነገርም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ዘሩ በውል ወደ ሆላንድ ሄዶ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 በጤፍ ዱቄት ላይ የአውሮፓ ፓተንት ተሰጠ። የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አዋጅ ቁጥር 482/1998 የወጣው እንዲህ ያለውን ነገር ለመግታት ነው። እንግዲህ በመርካቶ መድኃኒት ሻጮች ዘንድ ሥሩን ከቅጠሉ፣ መጠኑን ከአወሳሰዱ እየለየ የመዘገበ የፋርማሲ ተማሪ መዝገቡን ለዓለም ሲያሰራጭ፣ የሚሰጠው የማንን ገንዘብ ነው?

የመጀመሪያው ጸሐፊ፦ የመልስ መልስ

ጤፍን ባነሡ ጊዜ ምስክሬን ጠሩልኝ። የሄግ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ያንን ፓተንት በሆላንድ አገር ዋጋ ያሳጣው፣ የፓተንቱ ባለቤት የነበረው ኩባንያ «ፈጠርሁት» ያለው ነገር የፈጠራ ደረጃ የሌለው፣ ቀድሞ ከሚታወቀው የማይርቅ ሆኖ ስለተገኘ ነው። ቀድሞ መታወቁን የሚያስረዳው ደግሞ ቀን ተጽፎበት ለሁሉ የወጣ ጽሑፍ ነው፤ በመሳቢያ የተቆለፈ ደብተር በየትኛውም ችሎት አይቆጠርም።

ስለ ዕቁቡና ስለ ዱቤው ያሉትን እቀበላለሁ፤ በዚያ ላይ አልከራከርም። ዕድሜው በዐሥር በዐሥር ይጠቅለል፤ የተራው ስም ይውጣ፤ የገንዘቡ መጠን በዩኒቨርሲቲው ውስጥ በተጠበቀ ክፍል ይቀመጥና የሚፈልገው እዚያው ገብቶ፣ ሳይገለብጥ፣ ይሥራበት። የቀረው ግን፣ ማለት የሻጋታው ቁጥር፣ የጭነቱ መንገድና የሕንፃው ንድፍ፣ ተመራማሪው ለራሱ ጽሑፍ የሚጠቀምበት ሁለት ዓመት ከተሰጠው በኋላ ይለቀቅ። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ሸማ ተራ በሌሊት ሲቃጠል፣ መተላለፊያው የት እንደጠበበ፣ ሱቅ ከሱቅ በምን እንደተያያዘ፣ የመብራቱ ሽቦ በየት እንደተዘረጋ በአንድ ላይ የሚያሳይ ሰነድ ለእሳት አደጋ ሠራተኛው ቢቀርብለት የሚጠላ ማን ነው? የሥነ ሕንፃውም፣ የጂኦግራፊውም፣ የኤሌክትሪክ ምሕንድስናውም ተማሪ የየድርሻውን ሊለካ የሚሄደው ወደዚያው መርካቶ ነው። ተሟጋቼ ለዕቁቡ ሲሉ የዘጉት በር፣ ይህንንም አብሮ ይዘጋዋል።

የሁለተኛው ጸሐፊ፦ የመጨረሻ ቃል

የሻጋታውን ቁጥርና የመተላለፊያውን ንድፍ ነገውኑ ይልቀቁት፤ እኔም አብሬ እፈርማለሁ። ስለ ሄግ ግን ቸኩለዋል። እንዶድም ቀን ተጽፎበት የታተመ ነበር፤ ሆኖም አዲስ ጥቅም ተገኝቶለታል ተብሎ መብቱ ሌላ እጅ ገባ፤ ጤፉንም ለማስለቀቅ ከዐሥር ዓመት በላይ ፈጅቷል፤ የወጪውን ነገር አላነሣም።

የቀረን ልዩነት አንድ ነው። የቱ መዝገብ ወደተጠበቀው ክፍል፣ የቱ ወደ አደባባይ እንደሚሄድ የሚለየው ማን ነው? ተሟጋቼ ዕድሜው ይጠቅለል፣ ተራው ይውጣ ሲሉ ሥራውን ለዩኒቨርሲቲው የሥነ ምግባር ኮሚቴ የተዉት ይመስላል፤ ኮሚቴው ግን የሊቃውንት ጉባኤ ነው፤ የትኛው ቁጥር ሱቅ እንደሚያዘጋ፣ የትኛው እንደማያዘጋ የሚያውቀው ነጋዴው ነው። ከየተራው የዕቁብ ዳኞች ሁለቱ፣ ከመድኃኒት ሻጮቹም አንዱ፣ ድምፅ ይዘው በዚያ ኮሚቴ ይቀመጡ፤ መጠይቁም ገና ሳይታተም፣ መረጃው የት እንደሚገባና ማን እንደሚያየው በሚገባቸው ቋንቋ ይነበብላቸው። ተሟጋቼ ይህን ከፈቀዱ የሁለቱን ዓመት ቀጠሮ እኔም እቀበላለሁ፤ እስካሁን በጻፉት ውስጥ ግን አላየሁትም።