የሳንባ ምች የገበያ ቀን አይጠብቅም

በገጠር ሕፃን ሲያስለው ብርድ መታው ተብሎ ይታለፋል። አብዛኛውን ጊዜ ግምቱ ትክክል ነው፤ ጉንፋን ያለ መድኃኒት ይለቃል። ይሁን እንጂ ከሚያስላቸው ሕፃናት መካከል የሳንባ ምች የያዛቸው አሉ። ይህ በሽታ ከ5 ዓመት በታች ያሉትን በብዛት ከሚገድሉት አንዱ ሲሆን፣ ከጉንፋን ለመለየት ግን የራጅ መሣሪያ የግድ አያስፈልግም።

የሚያስፈልገው ሰዓትና አንድ ደቂቃ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሕፃኑ ሳያለቅስ በእናቱ ጭን እንዳለ ልብሱን ገልጣ ትንፋሹን አንድ ሙሉ ደቂቃ ትቆጥራለች። ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ያለው 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ያለው 40 እና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ወይም አየር ሲስብ የታችኛው ደረቱ ወደ ውስጥ ከሰረጎደ፣ የሳንባ ምች ይዞታል ተብሎ አሞክሲሲሊን ይሰጠዋል። ከሁለቱ አንዱም ካልታየ መድኃኒቱ አያስፈልገውም። ኪኒን ሳትሰጠን መለሰችን የሚል ቅሬታ ለመሪዎች ሲቀርብ ይህን ማስረዳት ያሻል። መጥባት ወይም መጠጣት ያቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ የሚያስመልሰው፣ የሚያንቀጠቅጠው ወይም ራሱን የሳተ ሕፃን፣ እንዲሁም 2 ወር ያልሞላውና በደቂቃ 60 እና ከዚያ በላይ የሚተነፍስ ጨቅላ ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መላክ አለበት።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2003 የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምን ስትጀምር ሠራተኞቹ የሳንባ ምችን እንዲያክሙ አልተፈቀደላቸውም ነበር፤ ፈቃዱ የተሰጠው በ2010 ነው። በ2011 ደግሞ ከበሽታው ዋና መንስኤዎች አንዱን የሚከላከል ክትባት ተጀመረ። መድኃኒቱም ክትባቱም ወደ ቀበሌ ወርደዋል፤ ጊዜ የሚባክነው ከቤት እስከ ጤና ኬላ ባለው መንገድ ላይ ነው።

እንጥሉ ወርዶ ነው ተብሎ ሕፃኑ ወደ ቆራጭ ይወሰዳል፤ ደም ይፈሰዋል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ በሽታውም እያደር ይብሳል። አባት አጨዳው እስኪያልቅ ወይም የገበያ ቀን እስኪደርስ ይላል። ጤና ኬላው ዘንድ ሲደረስም በሩ ተቆልፎ የሚገኝበት ጊዜ አለ፤ ሠራተኛዋ ቤት ለቤት ወጥታ ወይም ለስብሰባ ተጠርታ ይሆናል። ስብሰባውን ከሚጠሩት መካከል ሕዝቡ ዛሬም ገበሬ ማኅበር የሚለው የገጠር ቀበሌ መሪዎች ራሳቸው እንዳሉበት መዘንጋት የለበትም።

ስለሆነም መሪዎቹ ጤና ኬላው የሚከፈትበትን ቀንና ሰዓት በዕድርና በገበያ ማስነገር፣ ሠራተኛዋ ስትወጣ ተተኪ እንዲኖር ከወረዳው ጋር መነጋገር፣ በሌሊት ለሚታመምም ቃሬዛ የሚሸከሙ ሰዎችን ከየጎጡ አስቀድሞ መመደብ ይኖርባቸዋል። የምድጃ ጢስም የሕፃንን ሳንባ ስለሚጎዳ፣ ጢስ ማውጫ ያለው ምድጃ እስኪሠራ ድረስ እናት ልጇን አዝላ ከማብሰል ይልቅ ሌላ ሰው ደጅ ቢይዝላት ይሻላል። በቤቱ ውስጥ 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስለው አዋቂ ካለ ደግሞ ለሳንባ ነቀርሳ አክታው እንዲመረመር እሱም ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት።