ወተቱ ይቅርና መስኮቱ ይከፈት

ባለፈው ሳምንት በእጅ ሥራ ክፍል ቆዳ በማስቲሽ ስናጣብቅ አንድ ጓዳችንን ራሱን አዞረው። መስኮቱ እንዲከፈት ብንጠይቅ «ነፋሱ ማስቲሹን ያደርቀዋል፤ ደግሞስ ሽታው እኮ ይለመዳል! ከፈራችሁ ወተት ጠጡ» ተባልን። ያን ጊዜ ስቀን አለፍነው። ይሁን እንጂ የነገ መምህራን እንደመሆናችን ዝም ማለቱን ተገቢ ሆኖ አላገኘነውም።

የሚለመደው ሽታው ነው እንጂ መርዙ አይደለም። አፍንጫ ጥቂት ቆይቶ ይደነዝዛል፤ ሳንባ ግን ትነቱን ወደ ደም ማስተላለፉን አያቆምም። በብዙ የጫማ ማስቲሽ ውስጥ ማሟሚያ ሆኖ የሚገባው ሄክሴን የተባለው ፈሳሽ ጉበት ሲደርስ ወደ ሌላ ውሁድ ይለወጣል። ነርቭን የሚያበላሸውም በተለይ ይኸው ውሁድ ነው። ረጃጅሞቹን ነርቮች ስለሚያስቀድም ሕመሙ ከእግር ጣት ይጀምራል፤ መጀመሪያ መደንዘዝና እንደ ጉንዳን ውርር ማለት፥ ቀጥሎም እግር መጎተት፥ ቁልፍ መቆለፍ ማቃት። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በጃፓን ሰንደል ጫማ ሲያጣብቁ በሚውሉ ሠራተኞች ላይ የደረሰው ይህ ነው፤ በ1969 የወጣ ጥናት 93 ሕሙማንን ይዘረዝራል። ክፋቱ ደግሞ፥ ሰውዬው ሥራውን ከተወ በኋላም ሕመሙ ለጥቂት ወራት ሊብስበት ይችላል። ነርቩ የሚያገግመው ከዚያ ወዲያ ቀስ እያለ ነው፤ ክፉኛ የተጎዳው ሙሉ በሙሉ ላይመለስም ይችላል።

ወተትስ? ወተት ወደ ጨጓራ ይወርዳል፥ ትነቱ በሳንባ ይገባል፤ መንገዳቸው እንኳ አይገናኝም። ወተት ምግብ ነው፤ ያገኘ ይጠጣ፥ እኛም አንጠላም። አፍን በሻሽ መሸፈንም ቢሆን አቧራ ይመልስ እንደሆነ እንጂ ትነት አያግድም።

እኛ በሳምንት ሁለት ሰዓት ሠርተን እግራችን ይሰንፋል አላልንም። የሚያሳስበን እዚያው ክፍል ውስጥ ከጧት እስከ ማታ የሚውሉት ረዳት ሠራተኛ ናቸው። ከዚያም ነገ የምናስተምራቸው፥ ከትምህርት ሰዓት ውጪ ጫማ ቤት የሚውሉ ልጆች አሉ። እስክሪብቶ ከእጁ የሚያመልጠውን፥ ሲሮጥ የሚደናቀፈውን ልጅ «ሰነፍ» ከማለታችን በፊት የት እንደሚውል ጠይቀን እናውቃለን?

ለጊዜው የምንጠይቀው ገንዘብ የማያስወጣ ነገር ነው። የሄክሴን ትነት ከአየር ሦስት እጥፍ ያህል ስለሚከብድ ወደ ወለሉ ይወርዳል፤ ስለዚህ ከመስኮቱ ጋር በሩም ይከፈት፤ ዝናብ በሌለ ቀን ሥራው ወደ በረንዳው ይውጣ። የማስቲሹ ቆርቆሮም ከተጠቀሙበት በኋላ ይከደን። ክዳኑ ከመደርደሪያው ላይ ነው ያለው፤ አይተነዋል።