ካምፓኒ፣ ጋራዥ ወይስ የራስ እጅ? የመኪና ጥገና ሒሳብ

መኪና ያለው ነጋዴ ሁሉ አንድ ቀን የሚያነሣው ክርክር ነው። አንዱ «መኪናዬን ከካምፓኒ በስተቀር ማንም አይነካት» ይላል። ሌላው «ካምፓኒ ማለት ለንጹሕ ቱታና ለሴራሚክ ወለል መክፈል ነው፤ እኔው ራሴ ፈትቼ እገጥማታለሁ» ባይ ነው። ሁለቱም እንደ ኳስ ደጋፊ ይሟገታሉ እንጂ እስክሪብቶና ወረቀት ይዘው ሲያሰሉ አይታዩም። ጉዳዩ ግን የሒሳብ ነው፤ ሒሳቡም ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ተለውጧል።

በዚያ ዓመት በጥር ወር መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። በሐምሌ 22 ቀን ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ቀደም ሲል በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅም አሮጌ መኪና ማስገባትን አስወድዶት ነበር። የሦስቱ ድምር ምን ማለት ነው? ደጅ የቆመችው ቪትዝ እንደ ዱሮው ተሸጣ በሌላ የምትተካ አይደለችም። መለዋወጫዋም የዶላሩን ዋጋ ተሸክሞ ይመጣል። ዛሬ መኪና በደንብ መያዝ ካፒታል መጠበቅ ሆኗል።

እንግዲህ ከካምፓኒ እንጀምር። ካምፓኒ ስንል የአምራቹን ወኪል ማለታችን ነው፤ ለቶዮታ ሞኤንኮ፣ ለኒሳን ኒያላ ሞተርስ በዚህ ሥራ ለብዙ ዓመታት ይታወቃሉ። ብዙ ሰው የካምፓኒ ትልቁ ሸቀጥ የመካኒኩ ብልሃት ይመስለዋል። በእኔ ግምት ትልቁ ሸቀጥ ወረቀቱ ነው። ዋስትናው ያላለቀ መኪና በየተወሰነለት ኪሎ ሜትር ገብቶ ደብተሩ ላይ ማኅተም ካላረፈ፣ በኋላ ሞተሩ ቢታመም ወኪሉ «ሌላ ቦታ ተነክቷል» ብሎ እጁን ሊሰበስብ ይችላል። መኪናዋ በምትሸጥበት ቀንም ደላላው ራሱ «የካምፓኒ ሰርቪስ ያላት ናት» እያለ ዋጋዋን ከፍ ያደርግባታል።

ከሁሉ የሚረሳው ግን ደረሰኙ ነው። እንበልና ለጭነት መኪናዎ የሰፈር ጋራዥ 40,000 ብር ያለ ደረሰኝ ጠየቀዎት፤ ካምፓኒው ለዚያው ሥራ 50,000 ብርና 15 በመቶ ታክስ፣ ማለትም በድምሩ 57,500 ብር አለዎት። በዓይን ሲታይ ጋራዡ በ17,500 ብር ይረክሳል። ነገር ግን ለተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገበ፣ ታክስ የሚከፈልበትን የራሱን ሸቀጥ የሚያመላልስ ድርጅት 7,500 ብሩን ያቀናንሳል። 50,000 ብሩን ደግሞ በወጪ ስለሚይዝ፣ 30 በመቶ የትርፍ ግብር የሚከፍል ከሆነ 15,000 ብር ግብር ይቀርለታል። ከኪሱ በእርግጥ የወጣው 35,000 ብር ነው። ደረሰኝ አልባው 40,000 ብር ግን 40,000 ሆኖ ይቀራል፤ ማስረጃ የሌለው ወጪ ተቀናሽ አይሆንምና። በዓመት መጨረሻ ከሒሳብ ሠራተኛው ጋር የሚጨቃጨቁ ባለ ጭነት መኪናዎች ይህን ቀድመው ቢያሰሉት ይበጃቸው ነበር።

ካምፓኒ ጉድለት የለውም ማለት አይደለም። ወረፋው ረጅም ነው። ዕቃ የለም ከተባለ ደግሞ አይሱዙው ሳምንት ሙሉ ሲቆም የሚቀረው የጭነት ገቢ ከጥገናው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ መኪናውን ከማስገባትዎ በፊት ዕቃው በመጋዘን መኖሩን በስልክ ይጠይቁ።

የግል ቪትዝ ወይም ኮሮላ ባለቤት ሒሳብ ሌላ ነው። አብዛኞቹ ያገለገሉ ሆነው በግል አስመጪ ከውጭ የገቡ ናቸው፤ ወኪሉ የሰጣቸው ዋስትና የለም። ተቀናሽ ግብርም የላቸውም። እነዚህን ለዘይት ቅየራ ካምፓኒ ማስገባት ከልማድ ያለፈ ምክንያት የለውም። ዘይትና የዘይት ፊልትሮ፣ የአየር ፊልትሮ፣ ካንዴላ፣ የባትሪ ተርሚናል ማጽዳት፣ የጎማ ንፋስ መለካት፤ ይህን ሁሉ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቁልፍና ክሪክ ይዞ መሥራት ይቻላል። በክሪክ ብቻ የተነሣ መኪና ሥር ግን መግባት አይገባም፤ ጠንካራ ድጋፍ ያስፈልገዋል። የወጣውንም ዘይት ቱቦ ውስጥ መድፋት ነውር ነው።

ራዲያተር ላይ ቆም እንበል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ሞተር በአብዛኛው የሚሠራው በዚያው ሙቀት አካባቢ ነው። ውኃው እንዳይፈላ የሚያደርገው ግፊቱን አምቆ የሚይዘው የራዲያተር ክዳን ነው። የክዳኑ ጎማ ሲደርቅ ሞተር ይሞቃል፣ ከዚያ ቴስታታ ይጣመማል፣ ከዚያ ሞተር ማውረድ ይመጣል። ይህን ክዳን ለማየት ካምፓኒ አያስፈልግም፤ ሞተሩ እስኪበርድ መታገሥ ብቻ ነው።

በሌላ በኩል ጉራ የማይወድ ሥራ አለ። ቪትዝ ላይ የተለመዱት ሞተሮች ታይሚንጋቸው በሰንሰለት ስለሆነ ያን ያህል አያስጨንቁም። የላንድክሩዘሩ 1ኤችዜድ የናፍጣ ሞተር ግን በቺንጋ ነው የሚሄደው፤ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ መቀየር አለበት። ቢበጠስ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። የናፍጣ ፖምፓ፣ አውቶማቲክ ማርሽና ኤርባግም ከዚሁ ወገን ናቸው፤ መሣሪያውና ልምዱ ላለው ይተዉ።

እውነቱን ለመናገር በእኛ ከተማ «ራሴ አሠራለሁ» ማለት መኪና ሥር መተኛት እምብዛም አይደለም። መርካቶ ሶማሌ ተራ ወርዶ ዕቃውን ራስ ገዝቶ መካኒኩ አጠገብ መቆም ማለት ነው። ትርፉም ኪሳራውም ያለው እዚያ ላይ ነው። መካኒኩ «የማውቀው ሱቅ አለ» ሲልዎት ከሱቁ የሚያገኘው ኮሚሽን ዋጋው ውስጥ እንዳለ ይገምቱ። ክፉ ነገር አይደለም፤ ደላላም የሚኖረው እንዲሁ ነው፤ ግን ከፋዩ እርስዎ ነዎት። የመኪናዎን የሻንሲ ቁጥር ይዘው ይሂዱ፣ የድሮውንም ዕቃ አስፈትተው ከአዲሱ ጋር በሚዛንም በዓይንም ያስተያዩ። ኦሪጅናል ተብሎ የሚሸጥ የዘይት ፊልትሮ ካርቶኑ ሲያምር ውስጡ ዘይት የሚይዘው ጎማ የሌለበት ጊዜ አለ። በፊልትሮ መታለል ሞተር ይጎዳል፤ በፍሬን ሸራ መታለል ግን ሰው ይገድላል። ፍሬን ላይ ርካሽ ከመፈለግ የካምፓኒውን መደብር ዋጋ ከፍሎ ሸራውን ብቻ ገዝቶ በሰፈር ማስገጠም ይሻላል።

ኤሌክትሪክ መኪናው ደግሞ ጨዋታውን ሊለውጠው ነው። ዘይት የለው፣ ካንዴላ የለው፣ የነዳጅ ፊልትሮ የለው። ለባለቤቱ የሚቀረው ጎማ፣ ፍሬን፣ የቤት ውስጥ አየር ማጣሪያና ትንሿ 12 ቮልት ባትሪ ናት። ብርቱካናማ ኬብል ያዩበትን ቦታ ግን አይንኩ፤ በብዙዎቹ ዋናው ባትሪ ከ300 ቮልት በላይ ነው። ከቻይና በግል አስመጪ የገባ መኪና እዚህ ወኪል ላይኖረው ይችላል፤ ያን ጊዜ ምርጫው ካምፓኒ ወይስ የራስ እጅ መሆኑ ይቀርና ጠጋኝ አለ ወይስ የለም ይሆናል። ገዢ ከሆኑ ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ሻጩን ይጠይቁት፤ ኮምፒዩተሩን የሚያነብ መሣሪያ ማን ጋ ነው? ዋናው ባትሪ ቢታመም ማን ከፍቶ ያየዋል? የዋስትናው ወረቀትስ የማን ማኅተም አለበት?