አሮጌውን ፊልም ማደስና እውነቱን መጠበቅ

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» የሚለው የአባቶቻችን ተረት ለብዙ ነገር የሚጠቀስ ነው። በዚህ ዘመን ግን ይህ ቃል ከምሳሌነት አልፎ በሥራ ሲፈጸም በዓይናችን እናያለን። ከ50ና ከ60 ዓመት በፊት የተነሡ የሲኒማ ሥዕሎች ፤ ጨልመው ፣ ተጭረውና ደብዝዘው ከቆዩ በኋላ ፤ በብልሃተኞች እጅ ታጥበውና ታድሰው ትናንት የተነሡ መስለው ይወጣሉ። ድምፃቸውም እንዲሁ ከጫጫታ ተለይቶ ጠርቶ ይሰማል። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልንገልጽ ያሰብነው ፤ ይህ የማደስ ሥራ እስከ ምን ድረስ እንደሚያስመሰግን ፤ ከምን ላይ ሲደርስ ደግሞ እንደሚያስወቅስ ነው። ለነገሩም ማስረጃ እንዲሆነን ስማቸው በዓለም ሁሉ የታወቀውን አራቱን የእንግሊዝ አገር የሮክ ሙዚቃ ተጫዋቾች ፤ ቢትልስ የተባሉትን ፤ መርጠናል።

አንዳንድ ሰው «የዘፋኞች ፊልም ቢታደስ ባይታደስ ለሕዝብ ምን ጥቅም አለው?» ይል ይሆናል። ዘፈኑን መውደድና መጥላት ለየሰው ጠባይ የተተወ ነው። ነገር ግን ፊልም ምስክር ነው። አንድ ዘመን እንዴት እንደ ለበሰ ፤ በምን እንደ ሳቀ ፤ በምን እንደ ተደሰተና በምን እንደ ተጣላ ይመሰክራል። ስለዚህ ፊልምን የሚያድስ ሰው የምስክር ቃል ተቀብሎ እንደሚጽፍ የዳኛ ጸሐፊ ነው። የምስክሩን ቃል አጥርቶ መስማት ይገባዋል ፤ ምስክሩ ያላለውን ግን ሊጨምርበት አይገባውም።

ቢትልስ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር (ከዚህ በታች ያለውም ዘመን ሁሉ እንዲሁ ነው) በኦገስት 15 ቀን 1965 ዓ.ም. በኒውዮርክ ከተማ ፤ ሼይ በተባለው ስታዲየም ፤ 55 ሺህ ከ600 በሚሆን ሕዝብ ፊት ተጫወቱ። በዚያ ዘመን ይህን ያህል ሕዝብ ላንድ ባንድ ሲሰበሰብ ያልተለመደ ነገር ነበር። የሕዝቡም ጩኸት ከመብዛቱ የተነሣ ሙዚቃውን ዋጠው ፤ ሙዚቀኞቹ ራሳቸው የሚጫወቱትን ለመስማት ተቸገሩ። ይህ ሁሉ በፊልም ተነሣ። ነገር ግን የድምፁ አቀዳድ ጎደሎ ሆኖ ስለ ተገኘ ፤ በጃንዋሪ 1966 ዓ.ም. አራቱ ሰዎች በለንደን ስቱዲዮ ገብተው አንዳንዶቹን ዘፈኖች እንደ ገና ተጫውተው ከሥዕሉ ጋር አስማሙት። ሪንጎ ስታር የዘፈነው አንዱ ዘፈን ደግሞ ቀድሞ በሸክላ የታተመው እንጂ በስታዲየሙ የተሰማው አልነበረም። በማርች ወር ፊልሙ በእንግሊዝ አገር ቴሌቪዥን በታየ ጊዜ ተመልካቹ የሰማው ሁሉ የዚያ ምሽት ድምፅ መስሎት ተደነቀ።

ከዚህ የምንማረው ነገር አለ። ሰው ዛሬ ኮምፒዩተርን እየከሰሰ «ሐሰት የመጣው በዚህ መኪና ነው» ይላል። ነገር ግን ሥዕልን ካንዱ ቦታ ፤ ድምፅን ከሌላ ቦታ አምጥቶ አንድ ማስመሰል ኮምፒዩተር በየቤቱ ከመግባቱ በፊት ሲሠራበት የቆየ ነው። በ2016 ዓ.ም. ሚስተር ሮን ሃዋርድ ስለ ቢትልስ ጉዞ ካዘጋጁት ፊልም ጋር የሼይ ስታዲየም ሥዕል ታድሶ 30 ደቂቃ ያህል በየሲኒማ ቤቱ ታይቷል። እንዲህ ያለ ፊልም የሚታደስለት ሰው «የማድሰው የትኛውን ነው? ሕዝቡ በስታዲየሙ የሰማውን ነው ወይስ በኋላ በስቱዲዮ የተሠራውን?» ብሎ ራሱን መጠየቅ አይቀርለትም። መልሱም ምንም ቢሆን ለተመልካቹ ሊገለጽለት ይገባል።

የሎስ አንጀለሱ የሆሊውድ ቦውል ታሪክ ደግሞ መልካም አርአያ ይሆነናል። ቢትልስ በ1964ና በ1965 ዓ.ም. በዚያ ሲጫወቱ ድምፃቸው በክር ተቀድቶ ነበር ፤ የሕዝቡ ጩኸት ግን አላሰማ ስላለ ክሩ ሳይታተም ብዙ ዓመት ተቀመጠ። በ1977 ዓ.ም. የሙዚቃ አዘጋጃቸው የነበሩት ጆርጅ ማርቲን በዘመኑ መሣሪያ የተቻለውን ያህል አጥርተው በሸክላ አወጡት። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ልጃቸው ሚስተር ጃይልስ ማርቲን ያንኑ ክር ወስደው ፤ በአዲስ ብልሃት ድምፁን ከጩኸቱ ለይተው ፤ ከቀድሞው ይልቅ የጠራ አድርገው አወጡት። ጩኸቱን ግን ፈጽመው አላጠፉትም። ያለ ጩኸቱ ያ ምሽት ያ ምሽት አይሆንምና ፤ ይህ ማስተዋል ያለበት ሥራ ነው። አባት ክሩን ባይጠብቅ ኖሮ ልጅ የሚያድሰው ባላገኘም ነበር።

ከሁሉ የሚበልጠው ምሳሌ ግን የጃንዋሪ 1969 ዓ.ም. ፊልም ነው። በዚያ ወር ሚስተር ማይክል ሊንዚ ሆግ የተባሉት ፊልም አዘጋጅ አራቱን ሙዚቀኞች አዲስ ዘፈን ሲያዘጋጁ እየተከታተሉ 60 ሰዓት ያህል ሥዕል አስነሡ ፤ የተቀዳውም ድምፅ ከ150 ሰዓት ያላነሰ ነው። በጃንዋሪ 30 ቀን ሙዚቀኞቹ በለንደን ፤ ሳቪል ሮው በሚባለው መንገድ ፤ ከራሳቸው መሥሪያ ቤት ሰገነት ላይ ወጥተው በብርድ ተጫወቱ። 10 ካሜራዎችም በሰገነቱ ላይ ፣ በፊት ለፊቱ ሕንፃ ፣ በመንገዱና በእንግዳ መቀበያው ተደርገው አነሡት። ጎረቤቶች ስለ ጫጫታው አቤት ብለው ፖሊሶች እስኪመጡ ድረስ የተደረገው ሁሉ በፊልም ላይ አለ። አራቱ ባንድነት በሕዝብ ፊት የተጫወቱበትም የመጨረሻው ቀን ይህ ሆነ።

ከዚህ ሁሉ ፊልም በሜይ 1970 ዓ.ም. ለሲኒማ የወጣው ከ1 ሰዓት ተኩል የማይሞላ ነበር። የተነሣውም በጠባቡ በ16 ሚሊሜትር ፊልም ስለ ነበረ ፤ ለሲኒማ ቤት እንዲስማማ ወደ 35 ሚሊሜትር ሲሰፋ ሥዕሉ ጨለመ ፤ ሻከረም። በዚያ ላይ ባንዱ መፍረሱ ከተሰማ በኋላ ስለ ወጣ ፤ ያየው ሁሉ እንደ ፍቺ ወረቀት ቈጠረው። ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ደግሞ ከገበያ ስለ ጠፋ ፤ ሕዝቡ ፊልሙን ሳያይ ወሬውን ብቻ ሲቀባበል ኖረ። «ያ ወር የጠብ ወር ነበር» የሚለው ቃል እንደ ታሪክ ጸና።

በኋላ የኒውዚላንዱ ፊልም አዘጋጅ ሰር ፒተር ጃክሰን ፤ በ2018 ዓ.ም. የአንደኛውን የዓለም ጦርነት ፊልም አድሰው ያሳዩት ፤ ይህን 60 ሰዓት ተረከቡና ከብዙ ድካም በኋላ በኖቬምበር 2021 ዓ.ም. 8 ሰዓት ሊሞላ ጥቂት የሚቀረው ባለ ሦስት ክፍል ፊልም አወጡ። ያን ጊዜ ሰው ያየው ነገር ከሰማው የተለየ ሆነ። በርግጥ ጠብ ነበረ ፤ ጆርጅ ሃሪሰን ተቈጥቶ ለጥቂት ቀናት ጥሎ መውጣቱ አልተሸሸገም። ነገር ግን ሳቅም ነበረ ፤ ጨዋታም ነበረ ፤ የወንድማማች መተሳሰብም ነበረ። እንግዲህ 50 ዓመት ሙሉ በጨለማ ሥዕል የተፈረደው ፍርድ ሥዕሉ ሲጠራ ተሻሻለ ማለት ነው። ከሁሉ ይልቅ የምናመሰግነው ግን በ2024 ዓ.ም. የቀድሞው የሊንዚ ሆግ ፊልም ራሱ ታድሶ እንደ ገና መታየቱን ነው። አዲሱ ፊልም አሮጌውን አልሰረዘውም ፤ ሁለቱ ምስክሮች ጎን ለጎን ቆመዋል ፤ ተመልካቹም ዳኛ ሆኗል።

አሁን የሥራውን ብልሃት በጥቂቱ እንግለጽ። ፊልም ማለት በያንዳንዱ ሰከንድ ከ20 በላይ የሚሆኑ ሥዕሎች ተከታትለው የሚያልፉበት ነገር ነው። ስለዚህ ባንዱ ሥዕል ላይ ጭረት ወይም አቧራ ቢገኝ ፤ ከበፊቱና ከኋላው ካሉት ሥዕሎች የጎደለው ይሞላል። ይህ ፈጠራ አይደለም ፤ ጎረቤት ስለ ጎረቤቱ የሚሰጠው ምስክርነት ነው። ነገር ግን የፊልሙን ሻካራነት ፈጽሞ ለማጥፋት ሲሞከር የሰው ቆዳም አብሮ ይለሰልሳል ፤ ፊቱም እንደ ሰም ምስል ይመስላል። የ2021ን ፊልም ካዩት ሰዎች አንዳንዶቹ በዚሁ ነቅፈውታል ፤ ነቀፋቸውም መሠረት ያለው ነው። አቧራ የፊልሙ ጠላት ነው ፤ ሻካራነቱ ግን የፊልሙ ተፈጥሮ ነውና።

ድምፁም የሚያስደንቅ ታሪክ አለው። የተቀዳው ሁሉ ባንድ መሥመር ተደባልቆ ስለ ነበረ ፤ የጃክሰን ሠራተኞች የጊታርን ፣ የከበሮንና የሰውን ድምፅ እየለየ እንዲያውቅ ያስተማሩትን ኮምፒዩተር አሰናዱ። ሙዚቀኞቹ ወሬያቸው እንዳይሰማ ፈልገው አንዳንድ ጊዜ ጊታራቸውን ይመቱ ነበር ፤ መኪናው ግን ጊታሩን አንሥቶ ወሬውን አወጣው። ጆን ሌነንና ፖል ማካርትኒ ባንድ ምግብ ቤት ውስጥ የተነጋገሩት ነገር ደግሞ በአበባ ማሰሮ ውስጥ በተሸሸገ ማይክሮፎን ተቀድቶ ኖሮ ለዓለም ተሰማ። ሌነን በ1980 ፤ ሃሪሰን በ2001 ዓ.ም. አርፈዋል። በሕይወት ያሉት ሁለቱና የሟቾቹ ሚስቶች ከፊልሙ ሥራ ጋር ተባባሪ ስለ ነበሩ በዚህ በኩል ክስ አናቀርብም። ሆኖም ሰው ሊሸሽገው የፈለገውን ቃል የሚያወጣ ብልሃት ባለቤቱ ፈቃድ ሊሰጥ በማይችልበት ጊዜ እንዴት ሊሠራበት እንደሚገባ ፤ ሕግ አዋቂዎች ሊመክሩበት የሚያስፈልግ ነገር ነው።

ስለ ስያሜም አንድ ነገር እንጨምራለን። በ2023 ዓ.ም. ሌነን በቤቱ በካሴት የቀዳው አንድ ዘፈን በዚሁ ብልሃት ከፒያኖው ድምፅ ተለይቶ እንደሚወጣና ሥራው በሰው ሠራሽ አስተውሎት እንደ ተረዳ በተነገረ ጊዜ ፤ ብዙ ሰው የሟቹ ድምፅ በመኪና የተፈጠረ መሰለውና ተቈጣ። ማካርትኒም ምንም የተፈጠረ ድምፅ እንደሌለበት ማስረዳት አስፈለጋቸው። ማጠብና መፍጠር ባንድ ስም ከተጠሩ ሕዝቡ ከቶ እንዴት አድርጎ ይለያቸዋል? ዛሬ ያልነበረን ፊት ስሎ ያልተነገረን ቃል የሚያናግር መኪና በያንዳንዱ ሰው እጅ ገብቷል። የስሙ መደባለቅ የነገሩን መደባለቅ ማስከተሉ አይቀርም።

ያልተጠበቀ ነገር ደግሞ ሊታደስ አይችልም። ቢትልስ በጁን 16 ቀን 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ ማሰራጫ በቢቢሲ በቀጥታ የቀረቡበት የቴሌቪዥን ክር ፤ እንደ ብዙዎቹ የዚያ ዘመን ክሮች ፤ ሳይጠበቅ ጠፋ። በ2019 ዓ.ም. ድምፅ የሌለው 11 ሰከንድ ተገኘ ፤ እርሱም አንድ ተመልካች በቤቱ በትንሽ ካሜራ ከቴሌቪዥኑ መስታወት ላይ ያነሣው ነበር። ትልቁ መሥሪያ ቤት ያልጠበቀውን አንድ ተራ ሰው ጠበቀው። ከ1969 ዓ.ም. የድምፅ ክሮችም ብዙዎቹ ተሰርቀው ኖረው በ2003 ዓ.ም. በሆላንድ አገር በፖሊስ ተገኝተዋል። የአሴቴት ፊልምም ሙቀትና እርጥበት ባለበት ቦታ ቢቀመጥ እንደ ኮምጣጤ እየሸተተ ይበሰብሳል ፤ በደረቅና በቀዝቃዛ ስፍራ ሊያኖሩት ይገባል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።

ስለዚህ በኛ አስተያየት የማደስ ሥራ አራት ነገሮችን ሊጠብቅ ይገባዋል። አንደኛ ፤ የመጀመሪያው ፊልምና ክር ከታደሰ በኋላም ሳይነካ ይቀመጥ ፤ ነገ የተሻለ ብልሃት ሲገኝ ተመልሶ የሚታየው እርሱ ነውና። ሁለተኛ ፤ በሥዕሉም በድምፁም ላይ የተደረገው ለውጥ በፊልሙ ላይ በግልጥ ይጻፍ። ሦስተኛ ፤ የጎደለውን ከራሱ ከፊልሙ መሙላት የተፈቀደ ይሁን ፤ ከመኪና ሐሳብ የተፈጠረ ነገር ቢጨመርበት ግን «ታደሰ» አይባል ፤ ሌላ ሥራ ነውና ሌላ ስም ይውጣለት። አራተኛ ፤ ሕዝቡ ፈልጎ ቢያነጻጽር እንዲችል ያልታደሰው ደግሞ ከታደሰው ጋር ይታይ።

«ወጣቱ የጨለመ ሥዕል አያይም ፤ ካላሳመሩት ይረሳል» የሚል መከራከሪያ እንዳለ እናውቃለን። እውነትነትም አለው። በፊልም የሚነግድ ማኅበር ገንዘቡን ለማግኘት ሥዕሉን ማሳመሩ የሚያስነቅፍ አይደለም ፤ ያለዚያም ይህን ያህል ወጪ የሚያወጣ ባልተገኘ። ነገር ግን ብራና የሚገለብጥ ጸሐፊ ያረጀውን መጽሐፍ በመልካም ቀለም ቢጽፈው ሲመሰገን ፤ ከልቡ አንድ መሥመር ቢጨምርበት መጽሐፉን እንዳጠፋ ይቈጠርበታል። ፊልም አዳሹም ከዚህ ሕግ የሚያመልጥበት ምክንያት የለም።

ከ100 ዓመት በኋላ የሚወለዱ ልጆች በዚያች በለንደን ሰገነት ላይ በብርድ የቆሙትን አራት ሰዎች ሲያዩ ፤ ያዩት ነገር በእርግጥ የሆነ መሆኑን ሳይጠራጠሩ ሊያምኑ ይገባቸዋል። ይህን እምነት ለነርሱ ማስተላለፍ ፊልሙን ከሚያድሱትና ከሚያሳዩት ፤ የታደሰውንም እያየን ምን እንደ ተደረገበት ልንጠይቅ ከሚገባን ከኛም የሚፈለግ ግዴታ ነው።