ለኦምዱርማን የምንጠይቀውን ለመተማም እንጠይቅ

ጦርነቱ በሚያዝያ 2015 ከተነሳ ወዲህ ኦምዱርማን የቀረን ሐበሾች ከጥይቱ እኩል ከሻን እንፈራለን። በ2016 ክረምት የካርቱም ፖሊስ የውጭ ዜጎች በሁለት ሳምንት ውስጥ ክፍለ ሀገሩን ለቀው እንዲወጡ አዘዘ። መንግሥት ተዋጊን ከሰላማዊ ሰው መለየት መብቱ ነው። ነገር ግን በጦርነት መሐል ኢቃማዋን ማሳደስ ያልቻለችን ሻይ ሻጭ ከተዋጊ ጋር መደመር መለየት አይባልም። ሱዳን የተቀበለችው የ1951ዱ የስደተኞች ስምምነትም ጥገኛን ወደሸሸው አደጋ መመለስን ይከለክላል።

ብዙዎቻችንን ያቆየን ግን ወረቀት ሳይሆን ሱዳናዊ ጎረቤት ነው፤ «እናውቃታለን» ብሎ በራችን ላይ የቆመው።

ታዲያ እኛስ አገር? በዚያው 2016 በአማራ ክልል በአውላላ መጠለያ የነበሩ ሱዳናውያን ጥቃትና ዘረፋ ሲበዛባቸው መጠለያውን ጥለው በእግር ወጡ። የስደተኞች አዋጅ 1110/2011 በወረቀት ላይ ይጠብቃቸው ነበር፤ በራቸው ላይ የቆመ ሰው ግን አነሰ።

ስለዚህ በመተማ መስመር የምንነግድ ሁሉ፣ ለሸሸ ሰው የቤት ኪራይና የመኪና ዋጋ አንስቀል፤ ከቀበሌና ከሽማግሌ ጋር ስንቀመጥም የእነሱን ደኅንነት እናንሳ። እዚህ የተቆመልን ሰዎች ነን፤ እዚያ ልንቆምላቸው ይገባል።