ከዳሞታ ዋሻ እስከ ሩቅ ፕላኔት

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በወላይታ ሶዶ ከተማ አንድ ወዳጃችንን ለመጠየቅ ሄደን ነበር። ወዳጃችን በአንድ መሥሪያ ቤት የሚሠራ ወጣት ሲሆን፥ ከኮምፒዩተሩ ፊት ተቀምጦ በጠፈር መርከብ ከአንዱ ፕላኔት ወደ ሌላው ሲበር አገኘነው። በዚህ መካከል አባቱ ገቡና ጥቂት ከተመለከቱ በኋላ፥ «ልጄ፥ እዚያ ሰማይ ላይ ምን ጠፍቶብህ ነው የምትፈልገው?» ሲሉ ጠየቁት። «የጠፋብኝስ የለም አባባ፤ ምን እንዳለ ለማወቅ ነው» አላቸው። እርሳቸውም ፈገግ ብለው፥ «ለማወቅስ ከሆነ ከዳሞታ ብትጀምር መልካም ነበር» ብለው ወጡ። ይህ ንግግር ሳምንቱን ሙሉ ሲያሳስበን ሰነበተ።

ጨዋታው «አውተር ዋይልድስ» ይባላል። ተጫዋቹ ከአንዲት ትንሽ መንደር የሚነሣ ጀማሪ የጠፈር ተጓዥ ነው። ከሚደርስባቸው ቦታዎች መካከል ጥንድ ፕላኔቶች ይገኛሉ፤ የአንደኛዋ አሸዋ ሳያቋርጥ ወደ ሁለተኛዋ ይፈስሳል። ሌላይቱ ፕላኔት ደግሞ ቅርፊቷ እየተሰበረ በመካከሏ ባለው ጥቁር ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። በየ22 ደቂቃው ፀሐይዋ ትፈነዳለች፤ ሁሉም ነገር እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣል። በዚህ ጨዋታ ጠመንጃ የለም፤ የሚከማች ሀብት ወይም የሚገኝ ማዕረግም የለም። ተጫዋቹ ከብዙ ዘመን በፊት የጠፋ ሕዝብ በየግድግዳው ጽፎ የተወውን እያነበበ የነገሩን ምክንያት ይመረምራል። ፀሐይዋ ከፈነዳች በኋላ የሚቀርለት ያወቀው ነገር ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ ከጨዋታው ይልቅ እኛን የነካን አመጣጡ ነው። አሌክስ ቢቸም የተባለው ሰው ይህን ሥራ የጀመረው በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የማስተርስ ዲግሪ መመረቂያ አድርጎ ነበር። የተማሪ ሥራ ነውና ከመደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ቢቀር ማንም ባልተደነቀ ነበር። ነገር ግን በ2007 ዓ.ም. በነፃ የጨዋታ ሠሪዎች በዓል ላይ ታላቁን ሽልማት አገኘ። ማሲ ኦካ የተባለው የፊልም ተዋናይ ያቋቋመው ሞቢየስ ዲጂታል የተባለ ትንሽ ድርጅትም ሥራው እንዲቀጥል አደረገ። በ2011 ዓ.ም. ለሕዝብ ቀረበ፤ በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ባፍታ የሚባለው የብሪታንያ አካዳሚ የዓመቱ ምርጥ ጨዋታ ብሎ ሸለመው። ከመመረቂያ ሥራ እስከዚህ ለመድረስ ዓመታት ፈጅቷል ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ ሽማግሌው ምክር እንመለስ። የዳሞታ ተራራ የጥንት እሳተ ገሞራ ነው። በደቡብ ምዕራብ ጎኑ ሞቼና ቦራጎ የሚባል ዋሻ አለ። ተመራማሪዎች በዚህ ዋሻ ባደረጉት ቁፋሮ ከ50 ሺህ ዓመት በፊት የነበሩ ሰዎች ከባልጩት የጠረቧቸውን መሣሪያዎች አግኝተዋል። በአፈሩ ንብርብሮች መካከልም የእሳተ ገሞራ አመድ አለ። ምድር በበረዶው ዘመን ደርቃ በነበረችበት ጊዜ ይህ ደጋ ለሰው ልጅ መጠጊያ ሆኖ ይሆን? ብለው ሊቃውንቱ ይጠይቃሉ። የጠፋ ሕዝብ፥ የእሳት አመድ፥ ገና ያልተፈታ ጥያቄ፤ ወዳጃችን በሰማይ የሚፈልገው ሁሉ ከሶዶ ከተማ በላይ ቆሞ ያየዋል። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የተባለው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

እኛም ብንሆን ከዚህ ወቀሳ አናመልጥም። ለመመረቂያችን የሠራነውን ጽሑፍ አስጠርዘን ካስረከብን ወዲህ አንድ ቀን እንኳ ገልጠን አላየነውም። የፈለግነው ውጤቱን ነበር፤ ውጤቱን ካገኘን በኋላ ጥያቄውን ረሳነው። ብዙዎቹ የትምህርት ጓደኞቻችንም እንደዚሁ አድርገዋል። ዲግሪው ቀረ፤ የማወቅ ፍላጎቱ ግን ከጥራዙ ጋር አቧራ ለበሰ።

«ስንት ያልተሟላ ነገር ባለበት አገር ስለ ጨዋታ መጻፍ ቅንጦት አይደለም?» የሚሉን አይጠፉም። እውነት ነው፤ ሥራውን ትቶ ሌሊቱን በጨዋታ የሚያነጋውን ወጣት አናመሰግነውም። ኮምፒዩተር ውድ መሆኑን፥ መብራትም እንደሚቋረጥ እናውቃለን። ነገር ግን የምንለው ሁሉም ተቀምጦ ይጫወት አይደለም፤ መሥራት የሚችል ይሥራ ነው። አዲስ አበባ ላይ ቅኔ ጌምስ የተባለው ድርጅት ከገበሬ የምታመልጥ ዶሮ የምትሮጥበትን «ኩኩሉ» የተባለ የስልክ ጨዋታ ሠርቶ አሳይቷል። ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲም በ1999 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ አያሌ ወጣቶችን አስተምሯል። ከእነዚህ መካከል ሦስት ወይም አራት ሆነው፥ ተጫዋቹ በሞቼና ቦራጎ ከንብርብር ወደ ንብርብር እየወረደ የጥንቱን ሰው ኑሮ የሚመረምርበትን ጨዋታ በወላይትኛና በአማርኛ ቢሠሩ ምን ይከለክላቸዋል?

ስለዚህ ተማሪዎች ሆይ፥ የመመረቂያ ሥራችሁን የሚወዱትን ጥያቄ እንደሚመርጡ ሰዎች ምረጡት እንጂ እንደ ዕዳ አትክፈሉት። በየመሥሪያ ቤቱ ያላችሁ ወጣት ሹማምንትም፥ አንድ ልጅ የጀመረውን ሥራ ይዞ ክፍል ወይም ድጋፍ ፈልጎ ሲመጣ «ነገ ና» ብላችሁ አትመልሱት። የቢቸም ሥራ ከመደርደሪያ የዳነው የሚቀበለው ሰው ስላገኘ ነው።

ወዳጃችን በሚመጣው እሑድ ከእኛ ጋር ወደ ዳሞታ ለመውጣት ቃል ሰጥቶናል። አባቱም ቢፈቅዱልን መንገዱን እንዲያሳዩን እንለምናቸዋለን።